ካይዘን ጽዳት ብቻ ነው እንዴ? ተራ ስለሚጠብቀው ብክነት

ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ የልብስ ስፌት ፋብሪካ የመጎብኘት ዕድል ገጥሞኝ ነበር። ወለሉ ላይ መተላለፊያውን የሚያሳይ ቢጫ መስመር ተሰምሯል። መቀሱና መፍቻው ሁሉ ግድግዳ ላይ ቅርጹ በተሣለበት ቦታ ተሰቅሏል፤ አንዱ ቢጎድል ቦታው ባዶ ሆኖ ወዲያው ያጋልጣል። ያስጎበኘኝ የፈረቃ ኃላፊ "ካይዘን ከጀመርን ወዲህ እንዲህ ሆነናል" አለኝ። ኮርቷል፣ ቢኮራም አይፈረድበትም። ትንሽ ራመድ እንዳልን ግን በሁለት የስፌት መስመሮች መካከል እስከ ደረቴ የሚደርስ የሸሚዝ ክምር አየሁ። በጥቅል በጥቅል ታስሯል፣ በመደዳ ተደርድሯል፣ በየጥቅሉ ላይም ሞዴልና ብዛት የተጻፈበት ወረቀት ተንጠልጥሏል። ሸሚዞቹ ኮሌታና እጅጌ አላቸው፤ ቁልፍ የላቸውም።

"ይኼስ?" አልኩት።

"እሱ ቁልፍ ክፍል የሚገባ ነው። ተራ እየጠበቀ ነው።"

በዚያ አዳራሽ ውስጥ ካየሁት ብክነት ሁሉ ትልቁ እሱ ክምር ነበር። ካይዘኑ አሳምሮ ደረደረው እንጂ አላጠፋውም።

"ካይዘን" ሲባል ብዙዎቻችን ቶሎ የሚታየን መጥረጊያ፣ መደርደሪያና ቀለም ነው። ሐሳቡ የመጣበት ቦታ ግን ዋናው ጉዳይ ሌላ ነበር።

### ካይዘንና ሊን አንድ ናቸው?

ዘመዳማቾች ናቸው። ካይዘን በጃፓንኛ ወደ በጎ መለወጥ ማለት ነው። ሥራውን በየቀኑ የሚሠሩት ሰዎች ራሳቸው በትንሽ በትንሹ፣ ያለማቋረጥ የሚያሻሽሉበት ልማድ ነው። ሊን ደግሞ የመኪና አምራቹ ቶዮታ የገነባውን ጠቅላላ የአመራረት ሥርዓት ምዕራባውያን የጠሩበት ስም ነው። ቃሉን ለዚህ ጉዳይ እ.ኤ.አ. በ1988 ያዋለው ጆን ክራፍሲክ የተባለ አሜሪካዊ ተመራማሪ ነው። ትርጉሙ ስብ የሌለው እንደ ማለት ነው። ጮማ ሲቆረጥለት ደስ ለሚለው ለእኛ ሰው ምሳሌው ብዙም አይጥምም፤ ግን የተፈለገው ትርፍ ነገር የማይሸከም አካልን ለማለት ነው።

ስለዚህ ካይዘን ልማዱ ነው፣ ሊን ልማዱ የሚያገለግለው ሥርዓት። የሁለቱም ጠላት አንድ ነው፤ ጃፓኖች "ሙዳ" ይሉታል፣ እኛ ብክነት እንላለን።

### ብክነት ማለት የሚጣል ነገር አይደለም?

እሱ አንዱ ብቻ ነው። ቁርጥራጭ ጨርቅና የተበላሸ ሸሚዝ በዓይን ስለሚታይ ሁሉም ያውቀዋል፣ ይቆጨዋልም። ሊን ግን ጥያቄውን ከሌላ አቅጣጫ ይጀምራል፦ ደንበኛው ገንዘብ የሚከፍለው ለየትኛው ሥራ ነው?

ለልጇ የትምህርት ቤት ዩኒፎርም የምትገዛ እናት ጨርቁ በልክ ለመቆረጡ ትከፍላለች። ኮሌታው ስለተገጠመ፣ ቁልፉ ስለተተከለም ትከፍላለች። ሸሚዙ አንድ ሳምንት ጥቅል ውስጥ ታስሮ ስለቆየ ግን ሰባራ ሳንቲም አትጨምርም። ከመጋዘን ወደ ስፌት፣ ከስፌት ወደ መጋዘን ስለተመላለሰም አትከፍልም። ሁለቴ ስለተቆጠረ፣ ኮሌታው ጠሞ ተፈትቶ እንደገና ስለተሰፋም እንዲሁ። ይህ ሁሉ የሰው ደመወዝ፣ የቤት ኪራይ፣ የመብራትና የባንክ ወለድ በልቷል።

በዚህ መነጽር ብክነትን የዘረዘሩት የቶዮታ የምርት መሐንዲስ ታይቺ ኦኖ ናቸው። ዝርዝራቸው ሰባት ነው፦ ከሚፈለገው በላይ ማምረት፣ መጠበቅ፣ ዕቃን ከቦታ ቦታ ማመላለስ፣ ደንበኛው ያልጠየቀውን ሥራ መጨመር፣ ክምችት፣ የማያስፈልግ የሰውነት እንቅስቃሴ፣ እንከን ያለበት ምርት። ሥልጠና ላይ ሰባቱን በቃል ማስጠናት የተለመደ ነው። በእኔ ግምት ግን የመጀመሪያውን በደንብ የተረዳ ሰው የቀሩት አይጠፉበትም። ኦኖም ከሰባቱ የከፋ ያሉት እሱኑ ነው፤ ሌሎቹን የሚወልደው እሱ ነውና።

### ብዙ ማምረት እንዴት ጥፋት ይሆናል?

ይህ ነው ለብዙ ሰው የማይዋጠው። ሠራተኛው ሥራ ሳይፈታ፣ ማሽኑ ሳይቆም፣ ምርት በምርት ላይ ሲከመር ምን ይወቀሳል? በትንሽ ሒሳብ እንየው።

ሦስት ሰፊዎች አሉ እንበል። አንደኛዋ ኮሌታ ትገጥማለች፣ ሁለተኛዋ እጅጌ፣ ሦስተኛዋ ቁልፍ ትተክላለች። ለሒሳቡ እንዲቀል እያንዳንዷ ለአንድ ሸሚዝ አንድ ደቂቃ ይበቃታል። የታዘዘው 10 ሸሚዝ ነው።

በተለመደው አሠራር የመጀመሪያዋ አሥሩንም ጨርሳ በጥቅል ታስተላልፋለች፤ 10 ደቂቃ። ሁለተኛዋም አሥሩን፤ 20 ደቂቃ። ሦስተኛዋም እንዲሁ። አሥሩ ሸሚዝ የሚያልቀው በ30ኛው ደቂቃ ነው፤ የመጀመሪያው የተጠናቀቀ ሸሚዝ እንኳ የሚታየው በ21ኛው ደቂቃ ነው።

አሁን ደግሞ ጥቅሉን እንተወውና እያንዳንዷ አንዱን እንደጨረሰች ለቀጣይዋ ታቀብል። የመጀመሪያው ሸሚዝ በ3ኛው ደቂቃ ያልቃል፣ አሥረኛው በ12ኛው። ከ30 ወደ 12 ስንወርድ ማንም እጁን አላፈጠነም፣ አዲስ ማሽንም አልተገዛም። የቀረው 18 ደቂቃ ሸሚዞቹ ተራ ሲጠብቁ የነበረበት ነው።

ሌላም አለ። የመጀመሪያዋ ሰፊ የኮሌታውን ልክ ተሳስታለች እንበል። በጥቅሉ አሠራር ሁለተኛዋ ስሕተቱን የምታየው አሥሩም ከተበላሹ በኋላ ነው። በአንድ በአንዱ አሠራር ግን ገና የመጀመሪያውን እንደተቀበለች "ቆይ፣ ይሄ ጠሟል" ትላለች፤ የተበላሸው አንድ ወይም ሁለት ነው። አሥሩን በሺህ ተኩትና ያንን እስከ ደረቴ የሚደርስ ክምር አስቡት። ቁልፍ ክፍል እስኪደርስ ድረስ ውስጡ ስንት የጠመመ ኮሌታ እንዳለ የሚያውቅ የለም።

ክምችት ገበና ሸፋኝ ነው የሚባለውም ለዚህ ነው ብዬ አምናለሁ። ማሽን ቢሰበር፣ ሠራተኛ ቢቀር፣ ጥራት ቢወርድ ከክምሩ እየተመዘዘ ሥራው ይቀጥላል። ችግሩ ስለማይታይም አይፈታም።

### ታዲያ ሁሉም ሰው ለምን በጅምላ ይሠራል?

ሞኝነት አይደለም። መልሱን እንጀራ ላይ ማየት ይቻላል።

አንድ እንጀራ ምጣድ ላይ የሚቆየው ደቂቃዎች ብቻ ነው። ቤት ውስጥ ግን እንጀራ ለየእለቱ አይጋገርም። እንጨቱ ይፈለጣል፣ እሳቱ ይያያዛል፣ ምጣዱ እስኪግል ይጠበቃል፣ የመጀመሪያው እንጀራ ብዙ ጊዜ አያምርም፣ ዓይን የሚያወጣው ከዚያ በኋላ ነው። ይህን ሁሉ ጣጣ ለሁለት እንጀራ ብሎ ማን ይጀምራል? አንዴ ከተነሡ አይቀር ለሦስት ቀን ይጋገራል። በሦስተኛው ቀን ደግሞ ከመሶቡ ሥር ያለው ይደርቃል፣ ወይም ይሻግታል። በብዛት የሚጋገረው ዝግጅቱ ከባድ ስለሆነ እንጂ ሰው ያን ያህል ስለሚበላ አይደለም።

ፋብሪካም እንዲሁ ነው። የመኪና አካል ብረት በኃይል ተጭኖ ቅርጽ የሚያስይዝ ማተሚያ ከአንድ ቅርጽ ወደ ሌላ ለመቀየር ሰዓታት ከፈጀ፣ አንዴ ከተቀየረ በኋላ ሺህ በሺህ ማምረት ግድ ይሆናል። የቶዮታ ሰዎች የተለየ ጥያቄ ያነሡት እዚህ ላይ ነው። ዝግጅቱ ከባድ ነው ብለው በብዛት ከማምረት ይልቅ፣ ዝግጅቱን ራሱን ቀላል ለማድረግ ተነሡ። ሺጌዎ ሺንጎ የተባሉ መሐንዲስ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጨረሻ የአንድን 1,000 ቶን ማተሚያ ቅያሬ ከ4 ሰዓት ወደ 90 ደቂቃ አወረዱት። አለቆቹ አሁንም ይቀነስ አሉ፤ በመጨረሻ 3 ደቂቃ ገባ።

ዘዴው ምትሐት የለበትም። መጀመሪያ ሥራውን ለሁለት ከፈሉት፦ ማሽኑ ቆሞ ብቻ የሚሠራና ማሽኑ እየሠራ ሳለ አስቀድሞ ሊዘጋጅ የሚችል። ምጣዱ ከጋለ በኋላ ማሰሻ ፍለጋ ጓዳ ለጓዳ መዞር ምን እንደሚመስል የምታውቅ ሴት ይህን ለመረዳት ሥልጠና አያስፈልጋትም። ማሰሻው፣ አክንባሎው፣ ሰፌዱ ከእሳቱ በፊት እጅ ሥር መሆን አለበት። ፋብሪካ ውስጥም ቀጣዩ ቅርጽ፣ መፍቻው፣ ብሎኑ ማሽኑ ከመቆሙ በፊት አጠገቡ ይደርሳል።

ዝግጅቱ ሲያጥር በጥቂት በጥቂቱ ማምረት አያከስርም። ክምሩ የሚጠፋው ያኔ ነው እንጂ "ክምችት ቀንሱ" የሚል ደብዳቤ ስለተጻፈ አይደለም።

### ሐሳቡ ከየት መጣ?

ከሸማኔ ቤት ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። የቶዮታ ቤተሰብ አባት ሳኪቺ ቶዮዳ የሽመና መኪና ፈልሳፊ ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1924 የወጣው አውቶማቲክ መኪናቸው ክር ሲበጠስ ራሱን ያቆም ነበር። ሸማ የሚያውቅ ሰው ቁም ነገሩ ይገባዋል፤ ክሩ ተበጥሶ ሽመናው ከቀጠለ ጨርቁ ሁሉ እንከን ይሆናል። ስሕተት ሲፈጠር ወዲያው ቁም የሚለው መርሕ መነሻው ይህ ነው።

ልጃቸው ኪኢቺሮ ቶዮዳ በ1937 የመኪና ኩባንያውን መሠረቱ። የሚያስፈልገውን፣ በሚያስፈልግበት ሰዓት፣ በሚያስፈልገው መጠን ብቻ ማምረት የሚለው ሐሳብ የሳቸው ነው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ግን ጃፓን ደኸየች። ቶዮታም በ1950 ሊከስር ደርሶ ሠራተኛ ቀነሰ፣ የሥራ ማቆም አድማ ተነሣ፣ ኪኢቺሮም ከፕሬዚዳንትነታቸው ለቀቁ። መጋዘን ሙሉ ዕቃ ገዝቶ ማስቀመጥ የሚችል ገንዘብ አልነበረም። ሊን የድህነት ልጅ ነው የምለው ለዚህ ነው።

ኦኖ የኪኢቺሮን ሐሳብ ሥራ ላይ ለማዋል ከአሜሪካ ሱፐርማርኬት ትምህርት ወስደዋል። እዚያ ደንበኛው ከመደርደሪያ የሚፈልገውን ያነሣል፣ መደብሩም የተነሣውን ያህል ብቻ ይተካል። ይህን ወደ ፋብሪካ ያመጡበት መሣሪያ "ካንባን" ይባላል፤ ከክፍል ወደ ክፍል የሚዞር ካርድ ነው። ለእኛ የሚቀርበው ምሳሌ የለስላሳ ሳጥን ይመስለኛል። ባለ ሱቁ ባዶ ጠርሙስ የሞላውን ሳጥን ይመልሳል፣ በምትኩ ሙሉ ሳጥን ይወስዳል። ባዶ ሳጥን ከሌለ አዲስ አይመጣም። ትእዛዙ ባዶው ሳጥን ራሱ ነው። ካንባንም እንደዚያው ነው፤ ካርዱ ካልተመለሰ ከኋላ ያለው ክፍል አያመርትም። እጁን አጣጥፎ ቢቀመጥ ይሻላል።

### ሠራተኛ መስመሩን ማስቆም ይችላል?

ቶዮታ ቤት አዎ። ችግር ያየ ሠራተኛ ገመድ ይስባል፣ መብራት ይበራል፣ የቡድን መሪው ይመጣል። ችግሩ ወዲያው ካልተፈታ መስመሩ ይቆማል። መስመር መቆም ውድ ነው፤ እንከኑን ወደፊት ማሳለፍ ግን ከዚያ ይበልጥ ውድ ነው ብለው አስልተዋል።

መስመሩ ከቆመ በኋላ "ለምን" የሚለው ጥያቄ አምስት ጊዜ ይጠየቃል። የኦኖ የራሳቸው ምሳሌ እንዲህ ይሄዳል። ማሽኑ ለምን ቆመ? ጭነት በዝቶበት ፊውዙ ተቃጠለ። ጭነት ለምን በዛበት? ኩሽኔታው በቂ ቅባት አላገኘም። ለምን አላገኘም? የቅባት ፓምፑ በደንብ አይስብም። ለምን አይስብም? ዘንጉ ተበልቷል። ለምን ተበላ? ፓምፑ ማጣሪያ ስለሌለው የብረት ብናኝ ገባበት። መጀመሪያው መልስ ላይ ያቆመ ሰው ፊውዝ ይቀይርና ይሄዳል፤ በወሩ ተመልሶ ይመጣል። አምስተኛው ላይ የደረሰ ግን ወንፊት መሰል ማጣሪያ ይገጥማል።

ልብ በሉ፣ ከአምስቱ ጥያቄዎች አንዱም "ማነው ያበላሸው?" አይልም። እኛ ጋ ብዙውን ጊዜ የሚቀድመው ይኸኛው ነው። የሚቀጣ መሆኑን የሚያውቅ ሰው ደግሞ ገመድ አይስብም፣ የጠመመውን ኮሌታ ከጥቅሉ መሀል ከትቶ ያሳልፋል።

### ኢትዮጵያ ውስጥ እንዴት ገባ?

ጉዳዩ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ2008 ነው። አቶ መለስ ዜናዊ ጃፓን በቱኒዝያ ስላካሄደችው የካይዘን ፕሮጀክት አንብበው እንዲህ ዓይነት ድጋፍ ለኢትዮጵያም እንዲሰጥ ጠየቁ። የጃፓን ዓለም አቀፍ ትብብር ድርጅት፣ ጃይካ፣ ከ2009 እስከ 2011 በ30 ድርጅቶች ላይ ሙከራ አካሄደ። በ2011 የኢትዮጵያ ካይዘን ኢንስቲትዩት ተቋቋመ፤ በኋላ የካይዘን ልህቀት ማዕከል የሚለውን ስም ይዟል።

ሥልጠናው በብዛት የሚጀምረው "አምስቱ ማዎች" በሚባሉት ነው፦ ማጣራት፣ ማስቀመጥ፣ ማጽዳት፣ ማላመድ፣ ማዝለቅ። አጀማመሩ ትክክል ነው። ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም፣ ውጤቱ በሳምንት ውስጥ ይታያል፣ ሠራተኛውም ይነቃቃል። የማያስፈልገው ዕቃ ሲወጣ መተላለፊያ ይከፈታል፣ መፍቻ ፍለጋ የሚባክነው ጊዜ ይተርፋል። ችግሩ ይህ ወለሉን ለሥራ ማዘጋጀት መሆኑ ሲረሳ ነው። ቤት ተጠርጎ እንግዳው ሳይጠራ ሲቀር ማለት ነው። ቅያሬ ማሳጠር፣ ጥቅል ማሳነስ፣ መስመር የማስቆም ሥልጣን መስጠት የበላይ ኃላፊውን ልማድ ስለሚነኩ እንደ ቀለም ቅብ አይቀልሉም።

### ዶላር በሌለበት፣ ዕቃ ወደብ በሚቆይበት አገር ክምችት እንዴት ይቀነሳል?

ጥሩ ጥያቄ ነው። ጥሬ ዕቃው በጅቡቲ በኩል የሚመጣለት፣ የውጭ ምንዛሪ መቼ እንደሚያገኝ የማያውቅ አምራች "ለዛሬ የሚበቃኝን ብቻ ልያዝ" ቢል ፋብሪካውን ይዘጋል።

ቶዮታም ይህን በራሱ ላይ ደርሶ አይቶታል። እ.ኤ.አ. የካቲት 1 ቀን 1997 ካሪያ በተባለ የጃፓን ከተማ የነበረ፣ አይሲን የተባለ ዕቃ አቅራቢው ፋብሪካ ተቃጠለ። ቶዮታ አንድን ትንሽ የፍሬን ቫልቭ ከሞላ ጎደል ሁሉንም የሚያገኘው ከዚያ ነበር፤ በእጁ የያዘው ለሰዓታት የሚበቃ ብቻ ስለነበር ፋብሪካዎቹ ለቀናት ቆሙ። ከ2011 የመሬት መንቀጥቀጥ በኋላ ደግሞ ኩባንያው የመኪና ቺፕ አቅራቢዎቹ ከሁለት እስከ ስድስት ወር የሚበቃ ክምችት እንዲይዙ አድርጓል። ያን ያህል ክምችትን ሲኮንን የኖረ ድርጅት!

የሚጋጭ ይመስላል፣ አይጋጭም። ክምችት ሁለት ዓይነት ነው። ከቁጥጥራችን ውጪ ላለ አደጋ፣ ለወደብ፣ ለምንዛሪ፣ ለመንገድ፣ አስበን መጠኑን ወስነን የምንይዘው ስንቅ አለ። በኮሌታ ሰፊዋና በቁልፍ ተካይዋ መካከል ያለው ክምር ግን ስንቅ አይደለም፤ ሁለቱ የተቀመጡት በአንድ ጣሪያ ሥር ነው፣ መሀላቸው ጉምሩክ የለም። ለአንደኛው የወደቡን ችግር ምክንያት ማድረግ ይቻላል፣ ለሁለተኛው አይቻልም። እንዲያውም በውድ ምንዛሪ የተገዛ ጨርቅ መስመር መሀል ለሳምንታት ታስሮ ሲቆይ፣ የታሰረው ያው ዶላር ነው።

### ሠራተኛ ለመቀነስ የታሰበ ነገር አይደለም?

ለዚያ የተጠቀሙበት ድርጅቶች በዓለም ዙሪያ አሉ። ግን ሥርዓቱን ራሱን ያፈርሰዋል። ሦስት ሰው የሚሠራውን ሁለት ሰው እንዲሠራው የሚያደርግ ሐሳብ ያመጣች ሠራተኛ፣ በሳምንቱ ጓደኛዋ ስትሰናበት ካየች፣ ሁለተኛ ሐሳብ አታመጣም። ሌሎቹም አያመጡም። የተረፈውን ሰው ወደ ሌላ መስመር ወይም ወደ ተጨማሪ ትእዛዝ ማዛወር ያልቻለ ድርጅት ካይዘኑ እዚያው ላይ ይቆማል።

### ብክነቱን በገዛ ሥራ ቦታዬ እንዴት ላየው?

ከአማካሪ በፊት አንድ ቁራጭ ወረቀት ይበቃል። ዛሬ ጠዋት ከሚቆረጡት ሸሚዞች በአንዱ ላይ ወረቀት ያያይዙ። ወደ አንድ ክፍል ሲገባ ሰዓት ይጻፍበት፣ መርፌ ሲነካው ይጻፍበት፣ ሲወጣም እንዲሁ። በር ላይ ሲደርስ ሁለት ቁጥር ለየብቻ ያውጡ፦ እጅ የነካው ደቂቃ ስንት ነው? ከመቆረጥ እስከ መውጣት የፈጀውስ ስንት ቀን ነው? ዳቦ ቤትም ይሁን ጋራዥ፣ የብድር ማመልከቻ የሚዘዋወርበት ቢሮም ቢሆን ይሠራል፤ ለቢሮ ፋይሉ ላይ ማያያዝ ነው።

ያየሁት ክምር ላይ የተንጠለጠሉትን ወረቀቶች ጎንበስ ብዬ ማንበቤ ትዝ ይለኛል። በጥሩ የእጅ ጽሑፍ ሞዴሉ፣ መጠኑ፣ ብዛቱ ሰፍሯል። ቀን ግን አልተጻፈበትም።